ፓርኬው የጎበጠው ከሥሩ ነው

ሥራዬ ፓርኬ ነው። አነጥፋለሁ፣ እልጋለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ሰው የሚጠራኝ ለላይኛው ነው። እኔ ግን ከማሽኑ በፊት ከመኪናዬ የማወርደው ቱታና ባትሪ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በሞራሌ፣ ማለትም ወለሉን በሚሸከሙ አግዳሚ እንጨቶች ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ፣ ፓርኬው ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከታች የመጣ ነው። በወለሉና በመሬቱ መካከል ካለችው ክፍተት ማለት ነው። ቀና ብለው የማይቀመጡባት፣ በደረት እየተሳቡ የሚገቡባት ቦታ።

ስለዚች ክፍተት የሚያወራ ሰው የለም። ባለቤቱ ቤቱን ሲገዛ አንዴ በቀዳዳዋ አጮልቆ ያያል፣ ከዚያ በቃ። ክዳኗ ላይ ቁም ሳጥን ይቆምባታል። እንግዲህ ቁም ሳጥን እየገፉ መሥራት ለምጃለሁ።

መጀመሪያ ግን ላይኛውን ነው የማየው። የክፍሉን መብራት አጠፋና ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድሜ አበራለሁ። ብርሃን በአግድም ሲሄድ፣ ከላይ ሲበራ የማይታየውን ሁሉ ያጋልጣል። ጤነኛ ወለል ላይ እስከ ግድግዳው ዝም ብሎ ይሄዳል። እርጥበት የገባበት ወለል ላይ ግን እያንዳንዷ ጣውላ የራሷን ጥላ ትጥላለች። ሁለቱ ጠርዞቿ ከፍ ብለዋል፣ መሃሏ ጎድጉዷል። ካልሲ አውልቃችሁ ብትሄዱበት በእግራችሁም ታውቁታላችሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። የታችኛው ፊት ከላይኛው ይልቅ ከረጠበ ታችኛው ይሰፋል፣ ላይኛው ባለበት ይቀራል። ያኔ ጣውላዋ ጠርዟን ወደ ላይ አንስታ ትጎብጣለች። ይህ የሚታየው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ የፈሰሰ ውሃ ወይም የሚያንጠባጥብ ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን በሙሉ ከያዘው ግን ከሥር ነው፣ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ነው ከባለቤቶች ጋር የምንጨቃጨቀው። «ላገውና ይስተካከል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ማሽኑ የቆሙትን ጠርዞች በልቶ ወለሉን ልሙጥ ያደርገዋል። ግን ለጊዜው ነው። በኋላ ሥሩ ሲደርቅ ጣውላው ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ ይፈልጋል። ጠርዙ ተልጎ አልቋል። ስለዚህ አሁን መሃሉ ጉብ ይላል። መጀመሪያ ጎድጓዳ የነበረው ወለል ጀርባውን ያወጣል ማለት ነው። እንደገና ይላግ ቢባል ደግሞ እንጨቱ ለስንት ጊዜ ይበቃል? ስለዚህ ሥሩ ሳይደርቅ አልልግም። ሌላ ባለሙያ ጠርተው ያስላጉ አሉ፣ መብታቸው ነው።

ከመግባቴ በፊት ከውጭ ሆኜ በባትሪ አያለሁ። ውሃ ተኝቶ ካየሁና የኤሌክትሪክ ገመድ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ፣ መብራቱ ከቆጣሪው ሳይጠፋ አልገባም። እናንተም አትግቡ። አፍና አፍንጫን በደንብ የሚሸፍን ጭምብል፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፤ እና ላይ የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው። እባብም ጊንጥም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳሉ፣ እና እጃችሁን ከዓይናችሁ አታስቀድሙ።

ውስጥ ከገባሁ በኋላ ዋናው መሣሪያዬ ካቻቪቴ ነው። በየሞራሌው ላይ ጫፉን ጫን አደርጋለሁ፣ በተለይ እንጨቱ ግንቡ ላይ በሚያርፍበት ቦታ። ጤነኛ እንጨት ካቻቪቴውን ይመልሰዋል። የበሰበሰው ይውጠዋል። በጣም የተጎዳው በትናንሽ አራት ማዕዘን ይሰነጣጠቃል፣ በጣት ሲያሹት ቡናማ ዱቄት ይሆናል። የሚስማር ራስ ዝጎ ዙሪያውን እንጨቱን ካጠቆረው አንድ ምልክት ነው። ግንቡ ላይ ነጭ የጨው ብናኝ ካለ፣ ውሃ በግንቡ ውስጥ አልፎ ፊቱ ላይ ተንኖ ጨውን ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ምሰሶዎቹ ላይ አግድም የጭቃ መስመር ካለ ደግሞ ውሃው እስከዚያ ድረስ ተኝቶ ያውቃል። ባለቤቱ «እኛ ቤት ውሃ ገብቶ አያውቅም» ቢልም መስመሩ እዚያው ነው።

በሞራሌዎቹ መካከል ኢንሱሌሽን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚደረገው ሙሌት፣ ከተወተፈ እሱንም እነካለሁ። የመስታወት ጥጥ የሚባለው ዓይነት ሲረጥብ ይከብድና እየተላቀቀ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ ኢንሱሌሽን ሙቀት አይይዝም፣ ውሃ ነው የሚይዘው። ያውም ልክ እንጨቱ ሥር።

ሰው እርጥበት ሲባል የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፦ ማሽን። አየር የሚያደርቀውን ማሽን ገዝቶ ከወለሉ ሥር ይወረውርና ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። ማሽኑ ክፉ አይደለም፣ ቦታ አለው። ግን መጨረሻ ነው የሚመጣው። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የተገዛ ማሽን፣ ሲሠራ ከርሞ የመብራት ሂሳብ ያስቆጥራል እንጂ ቤቱን አያድንም። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ቀን ከሌት ሲያጓራ አገኘሁ። ወጥቼ ቤቱን ስዞር፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ የአሸንዳው ወራጅ ቱቦ ከክርኑ ተነቅሏል። የግማሽ ጣራው ውሃ በቀጥታ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። ማሽኑ ዝናቡን እየጨለፈ ነበር።

ስለዚህ ከጣራው እንጀምር። ሒሳቡን ሰው አይሠራውም እንጂ ያስደነግጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 100 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ቀን 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,500 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከ12 በላይ ይሞላል። አሸንዳ ከሌለ ወይም ቅጠል ከደፈነው፣ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግድግዳው አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። አሸንዳ እያለም ቱቦው መሠረቱ ላይ ካበቃ ይብሳል። ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ አፈሰሰው እኮ።

ቱቦው ቢያንስ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከግድግዳው ርቆ ይድፋ። ቦታ ካለ ሦስት። የቤቱ ዙሪያ አፈርም ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ አለበት፤ ከግድግዳው ተነስቶ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ በቂ ነው። ቤቱ ሲሠራ እንዲህ ቢሆንም፣ በመሠረቱ ዙሪያ የተሞላ አፈር በዓመታት ውስጥ ይሰምጥና ቁልቁለቱ ወደ ቤቱ ይዞራል። ከዚያ ሰው አበባ ይተክልበታል። በየማታው ያጠጣዋል። የአበባ መደብ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሳይ ደሜ ይፈላል፣ በተለይ ጠርዙ በሲሚንቶ ተገድቦ ኩሬ ሲሠራ።

ይህን ለማጣራት ባለሙያ አያስፈልግም። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። ውሃው የት ይቆማል? ወዴት ይሄዳል? ከየትኛው የአሸንዳ ጠርዝ ይዘልላል? ፀሐይ ሲወጣ የሚመጣ ባለሙያ የማያየውን እናንተ በደቂቃዎች ታዩታላችሁ።

ከኮረብታ ሥር ያለ ቤት ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ የሆነ ቦታ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም። ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚያቋርጥ ቦይ ቆፍሮ፣ ጠጠር ሞልቶ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቀብሮ ውሃውን ማዞር ያስፈልጋል። ውሃው በራሱ የሚወርድበት ቦታ ከሌለ ደግሞ በክፍተቷ ዝቅተኛ ጥግ ላይ ጉድጓድና ፓምፕ። ይሄ የቁፋሮ ሥራ ነው፣ ለሚያውቀው መስጠት ነው።

ዝናቡ ተመልሶ ከቀረ በኋላ አፈሩ ይቀራል። አፈር ፊቱ ደርቆ አቧራ ቢያስነሳም ከሥሩ ያለው እርጥበት ያለማቋረጥ በእንፋሎት ይወጣል። አይታይም፣ አይሰማም። ለማየት ከፈለጋችሁ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ አፈሩ ላይ ዘርጉና ጠርዙን በድንጋይ ወይም በአፈር ዙሪያውን ዝጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ገልጣችሁ እዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት ነው። ላዩ ላይ ከሆነ ከአየር ነው። ሁለቱም ጋ ከሆነ፣ ያው ሁለቱም ነው። ይህች ርካሽ ሙከራ ስንት ክርክር እንደዘጋችልኝ!

መፍትሔውም ያው ላስቲክ ነው፣ በሙሉ አፈሩ ላይ። አነስተኛው ውፍረት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን 0.3 እና ከዚያ በላይ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የቧንቧ ሠራተኛውም ኤሌክትሪሺያኑም በጉልበታቸው እየዳሁ ያልፉበታል፣ ቀጭኑ አይችላቸውም። መጀመሪያ ቦታውን ማጽዳት ነው። ግንበኞቹ ጥለውት የሄዱት የእንጨት ቁራጭ፣ ካርቶን፣ የሲሚንቶ ከረጢት ሁሉ ይውጣ። ይህ ለሻጋታም ለምስጥም ድግስ ነው። ስለታም ድንጋይ ይለቀም።

ከዚያ ላስቲኩ ይዘረጋል። አንዱ በሌላው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፣ እኔ 30 አደርገዋለሁ፣ መጋጠሚያው በሰፊ ፕላስተር ይታሸግ። ፕላስተሩ የሚይዘው ላስቲኩ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው፤ አቧራው ላይ የለጠፋችሁት በወሩ ተላቅቆ ታገኙታላችሁ። ምሰሶ ሲያጋጥም በመስቀል ቅርጽ ቀድዶ፣ ምላሶቹን ምሰሶው ላይ ወደ ላይ አንስቶ ማሰር ነው። ግድግዳው ላይም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፣ በቀጭን እንጨት ወይም በብረት ጥብጣብ ይያዝ። እስከ ላይ ድረስ የምታለብሱት ከሆነ ግን ከእንጨቱ በታች ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳ ገላጣ ተዉ። ምስጥ ከመሬት ወደ እንጨት ሲወጣ የጭቃ መተላለፊያውን የሚሠራው እዚያ ነው። ሸፍናችሁት ከሆነ ሳታዩት ሞራሌውን ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተኛ ውሃ ላይ ላስቲክ ያለበሱ ሰዎች አይቻለሁ። ላዩ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የሆስፒታል ክፍል የመሰለ። ስትሳቡበት ግን ከሥር ይናወጣል። ገንዘባቸውን የበሉ ባለሙያዎች አሉ ነው የምለው።

አሁን ወደ አወዛጋቢው ነገር እንምጣ፦ አየር።

በመሠረቱ ግድግዳ ላይ ያሉት ትናንሽ ፍርግርግ መስኮቶች የተሠሩት «ይናፈስ» ተብሎ ነው። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል። እርጥብ ነገር ሲናፈስ ይደርቃል፣ ልብስ ገመድ ላይ እንደሚደርቀው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብም ለዚህ ቁጥር አለው፤ የመተንፈሻዎቹ ስፋት የወለሉ ስፋት 1/150 መሆን አለበት ይላል። አፈሩ በላስቲክ ከተሸፈነ ግን ያው ደንብ 1/1500 ይበቃል ይላል። አስተውላችኋል? አንድ ላስቲክ የመስኮቱን ሥራ በአሥር እጥፍ አቃለለው። ደንቡ ራሱ ዋናው ችግር አፈሩ መሆኑን እየነገረን ነው።

ችግሩ ውጭው አየር ራሱ እርጥብ ሲሆን ነው። አንድ ሽማግሌ ቤት ፓርኬው ጎብጦ ተጠራሁ። ገብቼ ሳይ ሞራሌው ላይ ጠብታ ተሰድሯል። የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧው ያልበዋል። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል፣ አፈሩም ደረቅ ነው።

«አባባ፣ እነዚህን መስኮቶች ማን ከፈታቸው?»

«እኔ ነኝ እንጂ ልጄ። ሙቀቱ ሲበረታ ይናፈስ ብዬ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቷቸው?»

«ኧረ አልዘጋቸውም።»

በወረቀት ሒሳቡን ሠራሁላቸው። ውጭ 30 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ 70 በመቶ። እንዲህ ያለ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ውስጥ 21 ግራም ገደማ የውሃ እንፋሎት ይዟል። ከወለሉ ሥር ደግሞ ጥላ ነው፣ መሬቱም ቀዝቃዛ ነው፣ 20 ዲግሪ እንበል። 20 ዲግሪ የሆነ አየር ቢሞላ ቢሞላ መያዝ የሚችለው 17 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው አራት ግራም የት ይሂድ? ቧንቧው ላይ፣ ሚስማሩ ላይ፣ እንጨቱ ላይ ያርፋል። አራት ግራም ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ክፍተቷ 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካላት 80 ኪዩቢክ ሜትር አየር ትይዛለች። የገባው አየር በሙሉ እስከ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ በአንድ ዙር ብቻ 320 ግራም ውሃ ይጥላል። አየሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይለዋወጣል። ሽማግሌው ወረቀቱን ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ተነሥተው መስኮቶቹን ዘጉ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም።

ይህ ማለት መስኮት ሁሉ ይደፈን ማለት አይደለም። አየሩ ደረቅ በሆነበት አካባቢ ወይም ወቅት መናፈሱ በትክክል ያደርቃል። ጥያቄው «ክፍት ወይስ ዝግ» ሳይሆን «ውጭ ያለው አየር ከውስጡ ይደርቃል ወይ» ነው። በብርድ ጊዜ የውጭ አየር እንፋሎቱ ትንሽ ነው፣ ያደርቃል፤ ግን ወለሉን ያቀዘቅዛል፣ ውርጭ ባለበት አገር ቧንቧም ያፈነዳል። እርጥብ ሙቀት ባለበት አካባቢ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ክፍተቷን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደ ቤቱ አካል መያዝ ይሻላል። አፈሩና ግድግዳው በወፍራም ላስቲክ ይለበሳል፣ መስኮቶቹ ይደፈናሉ፣ መግቢያዋ ክዳን ጎማ ተገጥሞላት ታሽጋ ትዘጋለች። ያ ቀደም ብለን ያነሣነው አየር የሚያደርቅ ማሽን ተራው የሚደርሰው ያኔ ነው። ስትገዙ ውሃውን በቱቦ ራሱ የሚያስወግድ ይሁን። ባልዲ ያለው ዓይነት ባልዲው ሲሞላ ይቆማል፣ ማን በየቀኑ በደረቱ ተስቦ ባልዲ ይደፋል? ለክፍል የተሠሩት ትናንሽ ማሽኖች ደግሞ ቅዝቃዜ ሲበረታ ውርጭ ይይዛቸውና ይቸገራሉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣሩ። እዚያ ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ወይም ሌላ በጋዝ የሚነድ ነገር ካለና አየሩን ከዚያው የሚስብ ከሆነ፣ መስኮቱን መድፈን ካርቦን ሞኖክሳይድን ቤት ውስጥ መጋበዝ ነው። በዚህ ቀልድ የለም፣ መጀመሪያ የጋዝ ባለሙያ ይየው። ሁለተኛው ራዶን ነው፤ ከአፈርና ከዐለት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ለሳንባ ካንሰር መንስኤ በመሆን ከሲጋራ ቀጥሎ የሚጠቀስ ነው። በአካባቢያችሁ ራዶን የሚታወቅ ከሆነ አስለኩ። ካለ፣ ከላስቲኩ ሥር ቱቦ ገብቶ በማራገቢያ ጋዙን እየሳበ ከጣራ በላይ ያወጣዋል። ይህ ላስቲኩ ሲነጠፍ አብሮ ቢሠራ ቀላል ነው፣ በኋላ ግን ማስነሣት ይመጣል።

የቧንቧ ነገር አጭር ነው። የፍሳሽ መጋጠሚያዎችን፣ የገላ መታጠቢያውንና የሽንት ቤቱን ሥር በባትሪ እዩ። አንድ ቦታ ብቻ ጠቁሮ የረጠበ ሞራሌ ካለ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፣ በላዩ የሆነ ቧንቧ አለ። ሁሉም የውሃ መክፈቻ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የልብስ ማድረቂያ ማሽን ያላቸው ደግሞ ትንፋሹ የት እንደሚወጣ ያረጋግጡ። የማድረቂያውን ቱቦ ወለል ሥር ትቶት የሄደ ሠራተኛ ሥራ አይቻለሁ። በየአጠባው ሁለት ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት እሥር ይነፋል፣ የልብስ ጉድፍ ደግሞ በየሸረሪት ድሩ ላይ ይንጠለጠላል። እሳት ለመነሣትም ምቹ ነው።

«ታዲያ ከሥር ቢሻግት እኛ የምንኖረው ከላይ» የሚሉ አሉ። አየሩ ግን አይለያይም። ቤት ውስጥ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣና በጣራው ስንጥቅ ይሾልካል። በምትኩ ከታች ይሳባል፤ በዞኮሎው (ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት በሚለጠፈው ጠርዝ) ሥር፣ በቧንቧ ቀዳዳ፣ በገመድ ማለፊያ። ጠዋት ቁም ሳጥን ሲከፈት የሚመታችሁ ያ የታፈነ ሽታ ከዚያው የመጣ ነው። አስም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ደግሞ ሽታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሻጋታውስ? ብዙ ሰው በረኪና ይዞ ይገባል። እንጨት ላይ በረኪና አልመክርም። ቀለሙን ያነጣዋል፣ ውሃው ግን ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ የሞተው ሻጋታም ቢሆን አለርጂውን አይተውም። ትንሽ ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ በሳሙና ውሃ በብሩሽ ፈግፍጎ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል። ከዚያ የበዛ ከሆነ በአግባቡ የሚሠራ ባለሙያ ይምጣ። ለማንኛውም ውሃው ሳይቆም የታጠበ ሻጋታ ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ከቆመ ግን ሻጋታው የሚያድግበት ነገር ያጣል። ካቻቪቴ የዋጠ ሞራሌ ግን መዳኛ የለውም፤ ይቀየራል ወይም ጎኑ ላይ አዲስ ይታሰራል።

ከሠራችሁ በኋላ በዓይን አትፍረዱ። እኔ የማምነው መርፌ ያላትን የእንጨት እርጥበት መለኪያ ነው። ሞራሌው ላይ ትተክሏታላችሁ፣ በመቶ ትነግራችኋለች። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ እንጨቱ አይበሰብስም። ብስባሽ ፈንገስ በደንብ የሚይዘው ወደ 28 እና 30 ሲጠጋ ነው፣ ግን እስከዚያ ድረስ መጠበቅ ምን አመጣው? ፓርኬ ላለበት ቤት እኔ ከ14 በታች ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። እንጨት ቀስ ብሎ እንደረጠበ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ወራት ይወስዳል። በማራገቢያና በማሞቂያ በአንዴ ላድርቀው ያለ ሰው ስንጥቅ ያተርፋል።

ለአየሩ ደግሞ ርካሽ የሆነችውን ዲጂታል መለኪያ እሥር አስቀምጡ፤ ማሳያዋ ለብቻው ላይ ሆኖ በሬዲዮ የሚገናኘውን ዓይነት ከሆነ መሳብ ይቀርላችኋል። እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ እርሱት። አልፎ አልፎ 65 ቢደርስ አትደንግጡ፣ ከዝናብ በኋላ ያጋጥማል። ከ70 በላይ ወጥቶ በሳምንት ውስጥ ካልወረደ ግን መጀመሪያ ውጭ ውጡና አሸንዳውን እዩ፣ ከዚያ ቧንቧውን፣ ከዚያ የላስቲኩን መጋጠሚያ። ቁም ሳጥኑንም ከክዳኗ ላይ አንሡልኝ።